ለእናቴ ቤት ልመርጥ መቀሌ ሄጄ

ከመቀሌ ከተመለስኩ ሳምንት አልሞላኝም፤ ጎረቤቶቼ ግን «የዚያ አገር ቤት እንዴት ነው?» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጡኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ጥያቄያቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠጉሬ የሸበተው ደሴ ማዘጋጃ ቤት የቤት ፕላን ስመረምር ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የጣሪያውን ተዳፋት በዓይኔ ስለካ ተይዤ፣ አንድ ሽማግሌ «ተፈራ፣ ሟቹ ወዲህ ነው» ብለው ገስጸውኛል።

የሄድኩት ግን ለሽርሽር አልነበረም። እናቴ ዓይኗ ደክሞ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ቤቴ ደግሞ እንደ ብዙው የደሴ ቤት ዳገት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የላይኛው ጎረቤቴ ደጁ ላይ ቆሞ የእኔን ቆርቆሮ ያያል፣ እኔም የታችኛውን። በክረምቱ ጭቃ ከደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ሥራ ስውል እናቴ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነች። መቀሌ ያገባችው ታናሽ እህቴ አስቴር ዓይደር አካባቢ አዲስ ቤት ከገባች ጀምሮ «እናቴን ስጡኝ፣ ሆስፒታሉም ቅርብ ነው» እያለች ትወተውተን ነበር። እናቴ እሺም እምቢም አላለች።

«ቤት የምታውቀው አንተ ነህ። ሄደህ እይልኝ፤ ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ሻንጣዬን አንስቼ ስወጣ ደግሞ ከበር መለሰችኝ። «ስነቃ የሰው ድምፅ ይሰማኝ እንደሆነ እይልኝ። ሌላው ይቅር።»

እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። እንደ ፕላን አጽዳቂነቴ ግን በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር፤ የደረጃው ከፍታ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል፣ የመስኮቱ አቅጣጫ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከደሴ መናኸሪያ ተነሳን። ሐይቅንና ውጫሌን አልፈን ወልድያ ላይ ቁርስ በላን። ከደሴ ሹራብ ደርቦ የተነሳ ሰው አላማጣ ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል፣ ኮረም ሲወጣ መልሶ ይለብሳል፤ ይኼን እያወቅሁ ሹራቤን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በተጫነው ሻንጣ ከተትኩት። የግራ ካሕሱን ዳገት ጀምረን ጥቂት ጠመዝማዛ እንደወጣን የመኪናው ውሃ ፈላ። ወረድን። ሾፌሩ ከመንገድ ዳር ካገኛቸው ሰዎች ውሃ እስኪለምን፣ እስኪቀዘቅዝ፣ እንደገና እስኪፈላ ድረስ ፀሐይዋ ጠለቀች። ኮረም የደረስነው ብርዱ ጥርስ ሲያንቀጫቅጭ ነበር፤ ሾፌሩም ዛሬ እዚሁ ነን አለ።

ወጣት ወጣቱ ሮጦ አልጋ ያዘ። እኔ ሻንጣዬ እስኪወርድ ስጠብቅ ከተማው ሞላ። በመጨረሻ አንዲት የትንሽ ሆቴል ባለቤት ዕቃ የምታስቀምጥበትን ክፍል አስጠርጋ አልጋ ዘረጋችልኝ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፣ በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ በቀጥታ ቦዩ ላይ ነው፤ ፕላኑ ለእኔ ቢቀርብ ኖሮ በቀይ አስምሬ እመልሰው ነበር። ሴትዮዋ ስንቀጠቀጥ አይታ ከራሷ አልጋ ላይ ቡልኮ ገፍፋ አመጣችልኝ። አንቺስ ብላት፣ በትግርኛ አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች። አጠገቤ የነበረው መንገደኛ «እኔ የኮረም ሰው ነኝ፣ ብርዱ ያውቀኛል ነው የምትለው» ብሎ ተረጎመልኝ። እንደዚያ የሞቀኝ አልጋ ትዝ አይለኝም።

ረቡዕ ሐሸንጌን በግራ ትተን ማይጨውን አልፈን ከቀትር በፊት መቀሌ ገባን። የመጀመሪያ ትዝብቴ ሜዳነቱ ነው። ደሴ ሰው ሲሄድ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ እዚህ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። አጥሩ ድንጋይ፣ ቤቱ ድንጋይ፣ ሱቁ ድንጋይ፤ እኛ በጭቃና በእንጨት የምናቆመውን እነሱ በጥርብ ድንጋይ ያቆሙታል። ከመናኸሪያው ጀምሮ እጄን በየግንቡ ማዕዘን ላይ ሳሳርፍ ሊቀበለኝ የመጣው የአስቴር ባል ኪሮስ ታዘበኝ። ኪሮስ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ቁጥብ፣ ታላቅ አክባሪ፣ እኔን አያ ተፈራ ነው የሚለኝ። መኪናው ውስጥ እንደገባን ቤቱን አይቼ እውነቱን እንድነግረው ጠየቀኝ። እውነት የሚጠይቅ ባለቤት ምን እንደሚፈልግ የማዘጋጃ ቤት ሰው ያውቃል፤ ጥሩ አልኩት።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ነው። ከፊቱ አራት ዐምድ ቆሟል፤ ሁለቱ በረንዳውን ይሸከማሉ፣ ሁለቱ ምንም አይሸከሙም። መስኮቱ ሰማዩን መልሶ የሚያሳይ አንጸባራቂ መስታወት ነው። በሩ ላይ ስደርስ እንደ ወጉ «ቤት ለእንቦሳ!» አልኩ፤ አስቴርም ከውስጥ «እንቦሳ እሰር!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሳሎኑን ሳየው ግን እንቦሳዋ የት ልትታሰር እንደምትችል ግራ ገባኝ። ወለሉ ፊት ያሳያል። ኮርኒሱ በሦስት እርከን የተሠራ ጂብሰም ሆኖ በየእርከኑ ቀይና ሰማያዊ መብራት ተደብቆበታል። ነጩ ሶፋ ከነላስቲኩ ነው፤ ስቀመጥ ተንጫጫ፣ ስነሳም ተንጫጫ፣ በኋላ እንዳይንጫጫ ሳልነቃነቅ መቀመጥ ለመድኩ።

የኪሮስ እናት አደይ ለተብርሃን በነጭ ነጠላ ተሸፋፍነው መጡና «እንቋዕ ብደሓን መጻእካ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ራት ላይ ልጆቹ ሳይቀሩ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ተደርድረው ነበር። የጾም ምግብ ስምንት ዓይነት ቀረበ። ከዚያ ኪሮስ ደረጃውን አስወጥቶ መኝታ ክፍሌን አሳየኝና ሁሉም ደህና እደር ብለውኝ ሄዱ።

ክፍሉ ውስጥ ደሴ ያለው ሳሎኔ ሁለት ጊዜ ይገባል። መታጠቢያ ቤቱ ሰው የሚተኛበት ገንዳ አለው። ቧንቧውን ስከፍት እንደ ሽማግሌ ሳለና ዝም አለ፤ አጠገቡ በባልዲ ውሃና ጣሳ ተቀምጦልኛል። ውሃው ፎቅ ድረስ የሚወጣበት ጉልበት እንደሌለው ገባኝ። ደረጃውን ቆጥሬ እናቴን አሰብኩ። ጭጭ ያለ ቤት ነው። ድንጋዩ ወፍራም፣ መስታወቱ ድርብ፤ ከጎዳናው እንኳ ኮሽታ አይገባም። ሙያዬ ይኼን ጥሩ ግንባታ ይለዋል።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ላያት በሸሚዝና በውስጥ ሱሪ፣ ጋቢ ጣል አድርጌ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ነፋሱ በሩን ከኋላዬ ዘጋው፤ በሩ ደግሞ ከውጭ እጀታ የለውም። ማን እንደዚህ ያለ በር በረንዳ ላይ ይገጥማል? አንኳኳሁ። ተጣራሁ። አስቴር አልኩ፣ ኪሮስ አልኩ፣ በመጨረሻ ሰው ሁሉ አልኩ። ከታች ያለው ቤት መልስ የለውም። ያዳነኝ በጎዳናው የሚያልፍ የባጃጅ ሾፌር ነው። ቀና ብሎ አየኝና ከሩቅ «አጆኻ፣ አባቴ!» ብሎ ጥሩምባውን እየነፋ የግቢውን በር ደበደበ። ያን ጊዜ አስቴር ከቤቱ ጀርባ ሮጣ መጣች። ጎረቤት ሁሉ ባዶ ቅልጥሜን አይቶ ጨርሷል።

አስቴር ሆዷን ይዛ ስትስቅ እኔ አልሳቅሁም።

«እናቴ እዚህ ላይ ብትወድቅ ማን ነው የሚሰማት? ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኼ አንድ ሰው አልሰማኝም!»

ሳቋን አቆመች። አንድ ነገር ልትለኝ ፈልጋ ተከትለዋት ወደ መጡት አደይ ለተብርሃን ዞር አለችና ተወችው።

ኪሮስ ያን ቀን ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ የከተማውን ትልልቅ ቤቶች ሊያሳየኝ ይዞኝ ዞረ። በቃላሚኖ በኩል ወጥተን በቁሓ በኩል ተመለስን። አንዱ ቤት እንደ መርከብ ፊቱ ሹል ነው። አንዱ በሩ ላይ ሁለት የሲሚንቶ አንበሳ አስቀምጧል፤ የግራው አንበሳ ያዛጋል። አንዱ ምዕራብ ፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ገብተን እንደ ዳቦ ልንበስል ምንም አልቀረንም። ባለቤቱ ወፎች ሰማይ እየመሰላቸው እየተላተሙ እንደሚወድቁ ነገረኝ፤ እያዘነ ይሁን እየኮራ አልለየሁም። የምተቸው እንዳለ ሆኖ የማደንቀውም ብዙ ነበር። አንድ ቤት የድንጋዩ መጋጠሚያ ምላጭ አያስገባም፤ የመስኮቱ አናት ያለ ብረት በድንጋይ ብቻ ቅስት ሆኖ ተይዟል። እዚያ ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ያለ እጅ ደሴ ቢኖረን የስንቱ ቤት በክረምት አይንሸራተትም ነበር። ይኼን ለኪሮስ ስነግረው ፊቱ በራ።

አንድ ነገር ታዝቤ ትርጉሙን ሳልጠይቅ ቀረሁ። በየሄድንበት ጥሩምባ ስንነፋ ሰው ከቪላው አይወጣም፤ ከጀርባ ነው ቁልፉን ይዞ ሮጦ የሚመጣው። ሳሎኑን ከፍቶ ያስገባናል፣ ስንወጣ ይዘጋዋል። እኔ ሁሉም ዕቃ ሲያነሳ፣ ዶሮ ሲመግብ የደረስንበት መስሎኝ ነበር።

ማታ ጥሕሎ ቀረበልኝ። የገብሱን ድብልብል በመንታ እንጨት ወግቶ ወጡ ውስጥ ነክሮ መጉረስ ነው፤ የእኔ ግን ተንሸራቶ ነጩ ምንጣፍ ላይ ወደቀ። አስቴር ልታነሳ ስታጎነብስ አደይ ለተብርሃን ቀድመው ነጠላቸውን ጣሉበትና እንዳላዩ ሆነው መመገባቸውን ቀጠሉ። ነጠላው ቀይ ሆነ፣ ምንጣፉም ቀይ ሆነ፣ እኔም ቀይ ሆንኩ፤ ከእኔ በቀር የጠቀሰው የለም።

አርብ ከምሳ በኋላ አስቴር ትንሽ ፈራ ተባ እያለች የእናታችንን ክፍል ላሳይህ አለችኝ። ወደ ደረጃው ስራመድ እጄን ይዛ በጓሮ በር አወጣችኝ። ከቪላው ጀርባ፣ ግቢውን ተሻግሮ፣ ተከታታይ የብሎኬት ክፍሎች አሉ፤ አገሩ ሁሉ ሰርቪስ የሚለው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ከፈተችልኝ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ። ከአጠገቡ ወጥ ቤቱ ነው፤ ሠራተኛዋ ሽንኩርት ትከትፋለች።

ደሜ ፈላ። በእኛ አገር ሰርቪስ ማን እንደሚኖር ይታወቃል፤ ሠራተኛና ተከራይ ነው። ኪሮስም ከኋላችን ደርሶ ነበርና ያልኩትን ሁሉ ሰማ። ለመስታወትና ለአንበሳ ቦታ ያላችሁ ሰዎች ለእናቴ ከወጥ ቤት ጎን ነው ያያችሁላት አልኩ፤ ቤቱ አንበሳ እንደሌለው እንኳ ረስቻለሁ። ግድግዳውን በጣቴ መታሁት፤ ባዶ ብሎኬት፣ የጎረቤት ትንፋሽ ያሳልፋል፣ ይኼ ለሰው ክፍል ሆኖ አይጸድቅም አልኩ። እናቴን ለዚህ አላመጣትም፣ ነገ እሄዳለሁ አልኩ።

ኪሮስ መሬት መሬት አየ። የአስቴር ዓይን እንባ ሞላ፤ ግን እሷ የእናቴ ልጅ ነችና ዝም አላለችም።

«ወንድምጋሼ፣ ትላንት ሰው የለም ብለህ ጮህክ። ዛሬ ሰው ካለበት አስገባናት ብለህ ትቆጣለህ። ምን ይሻልሃል?»

አደይ ለተብርሃን ጩኸቱን ሰምተው መጥተው ክንዴን ያዙኝ። «ንዓ፣ ወደይ»፣ ና ልጄ፣ አሉና የሚቀጥለውን በር ገፋ አደረጉት። አልጋ፣ መቋሚያ፣ የማርያም ሥዕል፣ ትላንት ወጥ የጠጣው ነጠላ ታጥቦ ተሰጥቷል።

«እዚህ እኔ ነኝ የምተኛ። ከወጥ ቤቱ ወዲያ ኪሮስና አስቴር፣ ከዚያ ልጆቹ። እዚያ ላይ ማንም የለ። እዚያ እንግዳ ነው የሚተኛ» አሉኝ። ጥቂት አሰቡና ጨመሩ። «እናትህ እንግዳ ናት እንዴ?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀሚያ አጣሁ። ቤቱ ከተመረቀ ጀምሮ እነ ኪሮስ አንድም ቀን ቪላው ውስጥ አላደሩም። ውሃው ያለው እዚህ ነው፣ ፀሐዩ ያለው እዚህ ነው፣ ወጥ የሚሠራው እዚህ ነው። ማታ ማታ ልጆቹን አልብሰው ሳሎን ውስጥ ያስቀመጧቸው ለእኔ ክብር ነበር። ደህና እደር ብለውኝ የሄዱትም ወደዚህ ነው። አስቴር ልትነግረኝ ስትል አማቷ፣ እንግዳ የሚያድርበት ቤት ባዶ ነው አይባልም ብለው ከልክለዋታል።

ኪሮስን ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም በዝግታ ቤቱን ለማን እንደሠራው ራሱም አንዳንዴ እንደሚገርመው ነገረኝ። ክርስትና ሲመጣ፣ ሐዘን ሲመጣ፣ ሰው የሚከበርበት ቦታ ይኑረኝ ብሎ ነው። አባቱ ሲሞት ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሞ ነበርና ያ አልወጣለትም። ከዚያ በኋላ ስለ ዐምዶቹ የያዝኩትን ትችት ዋጥኩት። ሁለቱ ምንም አይሸከሙም ባልኩት ነገር አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ቅዳሜ ሻንጣዬን ከፎቅ አወረድኩና እናቴ ክፍል ውስጥ ልደር ብዬ ለመንኩ። አደይ ለተብርሃን ትንሽ ተግደረደሩ፤ እንግዳ ከጀርባ ያድራል እንዴ አሉ። በሩ ላይ ቆሜ «ቤት ለእንቦሳ!» አልኩ። አስቴር ከወጥ ቤቱ ሽንኩርት በእጇ እንደያዘች «እንቦሳ እሰር!» ብላ መለሰችልኝ፣ አሮጊቷም ሳቁና ፈቀዱ።

ከምሳ በኋላ ጋደም አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንደ እናቴ ልሁን ብዬ ነው። መጀመሪያ ጣሳ ከባልዲ ሲጋጭ ሰማሁ። ልጆቹ በትግርኛ ተጣሉ፣ አስቴር በአማርኛ ገላገለቻቸው። ሠራተኛዋ አንድ ዜማ ጀመረችና የቀረውን ረሳችው። ኪሮስ በስልክ ስለ አንድ ፍሬን ሸራ ተከራከረ። ከዚያ ከራስጌዬ፣ ከዚያች ትንፋሽ ታሳልፋለች ካልኳት ብሎኬት ማዶ፣ አንድ ከባድ፣ የተደላደለ ማንኮራፋት ጀመረ። አደይ ለተብርሃን ናቸው። ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ሊቆም ነው ስትል መልሶ ይነሳል። ከደሴ ስነሳ ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ሲቀልለኝ ታወቀኝ። እስኪመሽ ድረስ ተኛሁ።

እሑድ በማለዳ ኪሮስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። አደይ ለተብርሃን ለእናቴ ነጭ ማር በትንሽ እንስራ ላኩላት፤ እስከ ደሴ ጭኔ ላይ ነው የያዝኩት። መኪናው በዚህኛው ጉዞ አልፈላም። አላማጣ ወርጄ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ደሴ ስቃረብም መልሼ ለበስኩ፣ ሻንጣው በዚህ ጊዜ እግሬ ሥር ነበርና። ዳገቴን ስወጣ ቀኑ ገና አልጨለመም፤ እናቴ ኮቴዬን ለይታ ከውስጥ ስሜን ጠራችኝ።

ማሩን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ትከሻዬን ዳበሰች፣ ከሳህ አለች፣ ከዚያ ጠበቀችኝ። ስለ ዐምዱ፣ ስለ ጂብሰሙ፣ ስለ ገንዳው ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«አንቺ የምትኖሪው ግን እዚያ አይደለም፤ ከጀርባ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው» አልኳት።

«ከግድግዳው ማዶ ማን አለ?»

«የኪሮስ እናት።»

«ታንኮራፋለች?»

«እንደ ወፍጮ።»

እናቴ ፈገግ አለች፤ እንዲህ ፈገግ ስትል ካየኋት ቆይቶ ነበር።

«እንግዲያው ሻንጣዬን አውርድልኝ» አለች።

ሻንጣው ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነበር፤ ወንበር አምጥቼ አወረድኩላት።